የሜዲትራኒያን ኮራል በጋውን የሚያልፈው ክረምቱን ተማምኖ ነው፤ ክረምቱ ሲያጥርስ?

በኤፕሪል 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ በዓለም ዙሪያ ኮራሎች በባሕር ሙቀት ምክንያት በጅምላ እየነጡ መሆናቸውን በይፋ አስታወቀ። እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ክስተት ሲመዘገብ ያ አራተኛው ነበር። በእስራኤል ታዲያ የኮራል ነገር በተነሣ ቁጥር ሁሉም ዓይኑን የሚያዞረው ወደ ኢላት ነው። የኢላት ኮራል ሙቀት ይችላል ይባላል፤ እውነትም ይችላል። በዚህ መሀል ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። በአሽኬሎን፣ በኔታንያ፣ በሐደራና በሃይፋ ሰው ከልጆቹ ጋር ወርዶ በሚዋኝበት በሜዲትራኒያን ባሕርም ኮራል አለ።

ይህ ኮራል ኦኩሊና ፓታጎኒካ ይባላል። እንደ ኢላቱ የባሕር ውስጥ የአትክልት ሥፍራ አይሠራም፤ ሊያየው ብሎ የሚመጣ ቱሪስትም የለም። ዓለት ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ የሚያድግ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቡናማ መልክ ያለው ነው። አስደናቂነቱ ሌላ ቦታ ነው። በበጋ ይነጣል፣ በክረምት መልኩ ይመለሳል፤ በዓመቱ እንደገና ይነጣል። የእስራኤል ተመራማሪዎች ይህን ዑደት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲከታተሉት ቆይተዋል። ካዩት ነገር ተነሥቶ ማለት የሚቻለው ይህ ነው፦ የዚህን ኮራል ዕጣ የሚወስነው በጣም ሞቃቱ ቀን ስንት ዲግሪ ደረሰ የሚለው ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀዝቃዛ ጊዜ ለማገገም ይበቃዋል ወይ የሚለው ጭምር ነው።

በጋና ክረምት ሲባል እዚህ ላይ የእስራኤሉ አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ ዝናቡ ዶፍ በሚወርድበት በሐምሌና በነሐሴ፣ እዚህ ባሕሩ ይግላል። የእስራኤል ክረምት የሚገባው አገር ቤት በጋ በሆነበት ሰዓት ነው።

ከ17 እስከ 30 ዲግሪ

ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ኮራሎች የሐሩር አካባቢ ኮራሎች ናቸው። የሚኖሩበት ባሕር ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው፤ በወራት መካከል ያለው ልዩነትም ትንሽ ነው። ስለዚህ ከተለመደው የበጋ ጣራ በላይ አንድ ዲግሪ ጨምሮ ለተወሰኑ ሳምንታት ከቆየ ለመንጣት ይበቃቸዋል።

የመካከለኛው አየር ንብረት ኮራሎች ሕይወት ግን ሌላ ነው። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ውሃው በክረምት ወደ 17 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ በበጋው መጨረሻ ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። አንድ ኮራል ከዓለቱ ሳይነቃነቅ በዓመት ውስጥ 13 ዲግሪ ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል ማለት ነው።

ኮራል እንስሳ ነው። የገዛ አካሉን ሙቀት ግን መቆጣጠር አይችልም፤ ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። አካሉ ሲሞቅ የውስጥ ሥራው ሁሉ ይፈጥናል፤ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ብዙ ምግብ ያቃጥላል። በቀላል አማርኛ ወጪው ይጨምራል። ገቢውም መጀመሪያ ላይ አብሮ ይጨምራል፤ የኖራ አጽሙን ቶሎ ቶሎ ይገነባል፣ ያድጋል። ችግሩ፣ ከአንድ የሙቀት መጠን በኋላ ገቢው መውረድ ሲጀምር ወጪው ግን መውጣቱን አያቆምም። ከዚያ ነጥብ ወዲያ ኮራሉ የሚኖረው ከጎተራው እየበላ ነው። ጎተራው ደግሞ በአካሉ ያጠራቀመው ስብና ፕሮቲን ነው።

ቤት ያገኘው እኩል አራሽ

የኮራሉ ገቢ በአብዛኛው ከራሱ እጅ አይደለም። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት እንደ ተክል የፀሐይ ብርሃን ተቀብለው ስኳር ይሠራሉ፤ ከሚሠሩትም ብዙውን ለኮራሉ ያስረክባሉ። ኮራሉ በበኩሉ መጠለያ፣ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣቸዋል። ነገሩ የባለመሬትና የእኩል አራሽ ውል ይመስላል። ቡናማውን መልክ የሚሰጡትም አልጌዎቹ ናቸው።

ውሃው ሲግልና ብርሃኑ ሲበረታ የአልጌዎቹ ማምረቻ ይበላሻል። በስኳር ፋንታ ሴልን የሚጎዱ የኦክስጅን ዓይነቶች መፍሰስ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ውሉ ይፈርሳል። አልጌዎቹ ከኮራሉ ይወጣሉ፣ ወይም እዚያው ቀለማቸውን ያጣሉ። የኮራሉ ሥጋ ራሱ ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ይታያል። ኮራል ነጣ የሚባለው ይህ ሲሆን ነው። የነጣ ኮራል የሞተ አይደለም፤ የተራበ ነው።

የሐሩር አካባቢ ኮራል በዚህ ረሀብ ብዙ ጊዜ አይቆይም። ኦኩሊና ግን ሦስት መውጫ አለው።

አንደኛው፣ አልጌው ባይኖርም መኖር መቻሉ ነው። ብርሃን በማይደርስበት ዋሻና ስንጥቅ ውስጥ አልጌ የሌላቸው የኦኩሊና ኮሎኒዎች ይገኛሉ። ኮሎኒ ማለት አንድ አጽም የሚጋሩ፣ ፖሊፕ የሚባሉ ብዙ ትናንሽ እንስሳት ስብስብ ነው። በዋሻ ያሉት ፖሊፖች በክንዶቻቸው ከውሃው ጥቃቅን ፍጥረታትን እየያዙ ይመገባሉ።

ሁለተኛው፣ በአጽሙ ውስጥ ያለ ሌላ ጎረቤት ነው። በኖራው ውስጥ እየቦረቦሩ የሚኖሩ አረንጓዴ አልጌዎች አሉ። በደኅናው ጊዜ ከላይ ያለው ቡናማ ሥጋ ብርሃኑን ስለሚይዝባቸው በጨለማ ቀርተው ብዙም አይሠሩም። ኮራሉ ሲነጣ ግን ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዘልቅላቸዋል፤ ይበዛሉ። ማኦዝ ፋይንና ዮሲ ሎያ በ2002 ያወጡት ጥናት፣ እነዚህ የአጽም ውስጥ አልጌዎች የሚሠሩት ምግብ ወደ ተራበው የኮራል ሥጋ እንደሚደርስ አሳይቷል። እኩል አራሹ ሲሄድ ከወለል በታች ያለው ሌላው ተከራይ እርሻውን ይዞ ይጠብቃል እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው መውጫ ክረምት ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የቀሩት አልጌዎች እንደገና ይራባሉ፣ መልኩ ይመለሳል፣ ጎተራውም ይሞላል። ሁለቱ መውጫዎች ጊዜ ይገዛሉ እንጂ ዕዳውን አይከፍሉም። ዕዳው የሚከፈለው በክረምት ነው።

ከባክቴሪያው ክርክር የተረፈው ቁም ነገር

ዓለም ይህን ኮራል ያወቀው በአንድ የሳይንስ ክርክር ነው። በ1996 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዩጂን ሮዘንበርግና ዮሲ ሎያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ግኝት አሳተሙ። የኦኩሊናን መንጣት የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው አሉ፤ ባክቴሪያውም ኋላ ቪብሪዮ ሺሎይ ተባለ። ሙከራው ግልጽ ነበር። በ29 ዲግሪ ውሃ ባክቴሪያው ኮራሉን ያነጣዋል፤ በ16 ዲግሪ ግን ያው ባክቴሪያ ምንም አያደርገውም። በክረምት ባክቴሪያው የት እንደሚሸሸግም ተገኘ፦ ሲነኩት በሚያቃጥል፣ ኮራል በሚበላ አንድ የባሕር ትል ውስጥ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ያንኑ ባክቴሪያ በነጡት ኮራሎች ላይ ሲፈልጉት አጡት፤ በላቦራቶሪ ሲጨምሩትም ኮራሉን አላሳመመውም። ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ ማብራሪያ አቀረቡ፦ ኮራሉ አብረውት የሚኖሩትን በጎ ባክቴሪያዎች ስብጥር በመለወጥ በሽታውን መቋቋም ችሏል የሚል ነው። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የበጋውን መንጣት ያለ ባክቴሪያው ማስረዳት እንደሚቻል ተከራከረ።

ክርክሩ ለባለሙያዎች ይቆይ። ከሁለቱም ወገን የሚተርፈው ቁም ነገር ግን አንድ ነው። ባክቴሪያው ኖረም አልኖረም ኮራሉ በበጋ መንጣቱን አላቆመም። በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሙቀት ነው።

አንድ ኮራል፣ ሁለት የዓመት አቆጣጠር

ይኸው ኦኩሊና በስፔን፣ በፈረንሳይና በጣልያን ዳርቻም ይኖራል። ስሙ የደቡብ አሜሪካውን ፓታጎኒያ ያስታውሳል። በ1966 በጣልያን ሳቮና አጠገብ ሲገኝ ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ የመጣ ነው ተብሎ ታምኖ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም መጤ ተብሎ ተመዘገበ። በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን በቅርቡ ከምዕራብ አትላንቲክ የገባ እንዳልሆነ አሳየ።

በሰሜን ምዕራብ ሜዲትራኒያን የኮራሉ አስቸጋሪ ወቅት ክረምት ነው። ውሃው ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል፣ ብርሃኑ ያንሳል፣ እድገቱም ይዘገያል። በጋ ሲመጣ ያገግማል። በእስራኤል ዳርቻ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጋው ያከሳዋል፣ ክረምቱ ያወፍረዋል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያለው አስትራንጊያ የተባለው ኮራልማ ከዚህም ያልፋል። በብርዱ ወራት ፖሊፖቹ ተኮማትረው፣ ለመነካትም ብዙ ምላሽ ሳይሰጡ፣ ያንቀላፉ መስለው ይከርማሉ።

ይህ ልዩነት ለፖሊሲ አውጪ ትልቅ ትርጉም አለው። ባሕሩ ሲሞቅ የስፔኑ ኦኩሊና መጀመሪያ ላይ ይጠቀማል፤ በእርግጥም በስፔን ዳርቻ ወደ ሰሜን እየተስፋፋ መሄዱ ተመዝግቧል። የእስራኤሉ ግን የሚኖረው በሙቀቱ ጣራ ላይ ነው። ስለዚህ «ይህ ኮራል ሙቀት ይወዳል፣ አሸናፊ ነው» የሚለው ከአውሮፓ የሚሰማ አባባል፣ ሃይፋና አሽዶድ ላይ ሲደርስ አይሠራም።

ከኢላት ጋር ማመሳሰሉም ያው ስሕተት ነው። የኢላት ኮራሎች ቅድመ አያቶች ከውቅያኖሱ ወደ ቀይ ባሕር የገቡት በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። በኤርትራ ዳህላክ ደሴቶች አካባቢ ባለው በጣም ሞቃት ውሃ አልፈው፣ ሙቀቱን የቻሉት ብቻ ወደ ሰሜን እንደደረሱ ፋይንና ባልደረቦቹ በ2013 አስረድተዋል። ዛሬ የሚኖሩበት ውሃ አያቶቻቸው ካለፉበት ስለሚቀዘቅዝ ብዙ ዲግሪ መጠባበቂያ አላቸው። የሜዲትራኒያኑ ኮራል እንዲህ ያለ ስንቅ አልያዘም።

ወደ ጥልቁ መውረድ

በሐደራ የኃይል ማመንጫው በሚለቀው ሞቅ ያለ ውሃ አጠገብ በክረምት ሻርኮች እንደሚሰበሰቡ የታወቀ ነው። ዓሣ የሚስማማውን ሙቀት ፍለጋ ይዋኛል። ኮራል ግን አንዴ ዓለት ላይ ከተጣበቀ አይነሣም። ሊሄድ የሚችለው በትውልድ ነው፤ እጮቹ ተንሳፍፈው ሌላ ቦታ ላይ ሲያርፉ።

በ2021 የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ይኸው እየሆነ መሆኑን አሳተሙ። ቀድሞ ከ10 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ይገኝ የነበረው ኦኩሊና ከ30 ሜትር በታች ድረስ ወርዷል። እዚያ የበጋው ውሃ እስከ ሁለት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ወደ ሰሜን ሁለት ዲግሪ ቅዝቃዜ ፍለጋ ቢኬድ እጅግ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጠይቃል፤ ወደ ታች ግን ጥቂት አሥር ሜትሮች ይበቃሉ። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት ይህን ያስቻለው ያው የዋሻ ልማዱ ሳይሆን አይቀርም፤ በትንሽ ብርሃንና በጥቂት አልጌ መኖርን ቀድሞም ያውቅበታል።

ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ከጎተራ በሚበላ እንስሳ ሕይወት ውስጥ ግን የረሀቡን ወራት ያሳጥራል። ነገር ግን ጥልቀትም ሙሉ መጠጊያ አይደለም። በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ከ2015 እስከ 2019 በተከታታይ አምስት ዓመታት በሜዲትራኒያን በባሕር ሙቀት የተነሣ የጅምላ ሞት መድረሱን መዝግቧል። ጉዳቱ 50 ያህል የባሕር ሕይወት ዓይነቶችን ነክቷል፤ ከውሃው ወለል እስከ 45 ሜትር ጥልቀትም ደርሷል።

መትረፍና መብዛት ለየቅል ናቸው

ስለ ኦኩሊና ጥሩ ዜና መናገር ቀላል ነው። በ2007 ፋይንና ዳን ቸርኖቭ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ሙከራ ብዙዎችን አስገርሟል። ኮራሎቹን አሲዳማነቱ በጨመረ ውሃ ውስጥ ሲያቆዩአቸው አጽማቸው ሟሟ፤ ፖሊፖቹ ግን ራቁታቸውን ለ12 ወራት በሕይወት ቆዩ። ወደ ተለመደው ውሃ ሲመለሱ እንደገና አጽም ሠሩ። በስፔን ኮሉምብሬቴስ ደሴቶች ክላዶኮራ የተባለው ሌላ የሜዲትራኒያን ኮራልም በሙቀት ሞቷል ከተባለ በኋላ፣ በአንዳንድ ኮሎኒዎች ውስጥ ፖሊፖች ከአጽማቸው ተነጥለው፣ ተኮማትረው ቆይተው ከዓመታት በኋላ መልሰው ማደጋቸው በ2019 ተዘግቧል።

እነዚህ ሁሉ ግን የመትረፍ ታሪኮች ናቸው። መትረፍና መብዛት ደግሞ ለየቅል ናቸው። ኦኩሊና እንቁላሉንና የወንድ ዘሩን የሚያዘጋጀው ውሃው እየሞቀ በሚሄድባቸው ወራት ነው፤ መንጣቱም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። በእስራኤል ዳርቻ በተደረጉ ጥናቶች ክፉኛ የነጡ ኮሎኒዎች ዘር ማፍራት እንደሚያቅታቸው ታይቷል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ኮራሉ በክረምት ቡናማ መሆኑን አይቶ ድኗል ይላል። ልጅ ሳይወልድ ያለፈውን ዓመት ግን ቀለሙ አይናገርም።

ይህ ሥጋት ባዶ ፍርሃት አይደለም። በዚሁ ዳርቻ ሌሎች ነባር የባሕር ፍጥረታት ምን እንደሆኑ ይታወቃል። ድሮ ዓለቱን ሞልቶት የነበረው ነባሩ የባሕር ጃርት ከእስራኤል ዳርቻ ሊጠፋ ተቃርቧል። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ጥልቀት በሌለው የእስራኤል ባሕር፣ ቀድሞ ከነበሩት ነባር የቀንድ አውጣና የዛጎል ዓይነቶች መካከል የተገኙት በአሸዋማው ሥፍራ 12 በመቶ፣ በዓለታማው 5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ከተገኙትም ብዙዎቹ ለመራባት የሚያበቃቸው መጠን ላይ አይደርሱም። አሉ፣ ግን አይተኩም።

ምን መለካት አለበት?

ምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን ከዓለም ባሕሮች አማካይ በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው። የእስራኤል የባሕርና ሐይቆች ምርምር ተቋም ከሃይፋ ሆኖ የውሃውን ሁኔታ በየጊዜው ይከታተላል። በዜና የሚወጣው ግን የኦገስት ሙቀት ብቻ ነው፤ «ባሕሩ 31 ዲግሪ ደረሰ» ይባልና ይታለፋል። የኮራሉን ነገር ለሚያስብ ሰው ከዚያ እኩል የሚያስፈልገው ቁጥር ሌላ ነው። ባሕሩ በመከር መቼ ቀዘቀዘ? በፀደይስ መቼ መሞቅ ጀመረ? በሁለቱ መካከል ያሉት ሳምንታት ስንት ናቸው? ሞቃቱ ጊዜ ከሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ወር ቢገፋ፣ ጣራው ባይጨምር እንኳ ኮራሉ ከጎተራ የሚበላበት ጊዜ ሁለት ወር ይረዝማል፤ ጎተራውን የሚሞላበት ጊዜ ደግሞ በዚያው ልክ ያጥራል።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ የኮራል ቆጠራ በበጋ ብቻ ሳይሆን በክረምትም መደረግ አለበት፤ ማገገሙ የሚታየው ያኔ ነውና። የተመለሰውን ቀለም ብቻ ሳይሆን አዲስ የተተከሉ ትናንሽ ኮሎኒዎችንም መቁጠር ያሻል።

ሁለተኛው ጥበቃው ወደ ታች መዝለቅ አለበት የሚለው ነው። በሰሜን ያለው የሮሽ ሃኒክራ–አኽዚቭ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ በ2019 ሲሰፋ፣ ከዳርቻው ዓለት ጀምሮ እስከ ጥልቁ ባሕር እንዲደርስ ተደርጓል። እንዲህ ያለ ሥፍራ ለኮራሉ መውረጃ ደረጃ ይሆነዋል። በመሀልና በደቡብ ግን ዳርቻው በወደብ፣ በኃይል ማመንጫና የባሕር ውሃን ለመጠጥ በሚያጣሩ ትልልቅ ፋብሪካዎች የተያያዘ ነው። እነዚህ ለአገሩ የግድ ያስፈልጋሉ፤ የመጠጥ ውሃው ከዚያ ነው የሚመጣው። ሆኖም ጨዋማውና ሞቃቱ ፍሳሽ የት፣ በምን ጥልቀትና በየትኛው ወር ይለቀቅ የሚለው የምሕንድስና ምርጫ ነው። ኮራሉ በሚያገግምበት ወቅትና በሚሸሽበት ጥልቀት ላይ ተጨማሪ ሸክም አለማድረግ ይቻላል።

የዓለምን ሙቀት እስራኤል ብቻዋን አታበርድም። ለዚህ ኮራል ግን ቅርብ የሆነ ነገር አለ። በጋውን ሁሉ ተርቦ የሚያልፈው የሚመጣውን ክረምት ይዞ ስለሆነ፣ ቢያንስ የቀረውን ክረምት በሰላም እንዲያሳልፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ተደርጎ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በኦገስት የፎቶ ዘገባ አይደለም፤ በፌብሩዋሪ፣ ባሕር ዳርቻው ባዶ በሆነበት ሰዓት ውሃው ውስጥ ገብቶ በሚቆጥር ባለሙያ ነው።